ሳሙናውን ያዝልኝ

ፕሮፌሰር፦ ማንን ይመስላል? የጠየቅኩህ ይህንን ብቻ ነው። ማንን ይመስላል?

መካኒኩ፦ እኔ እንጃ።

ፕሮፌሰር፦ እንዴት እኔ እንጃ ትላለህ? የገዛ ልጅህን እኮ ነው የምልህ!

መካኒኩ፦ ገብቶኛል ጋሼ። ልጁን ነው።

ፕሮፌሰር፦ አላሳዩህም?

መካኒኩ፦ አሳይተውኛል። በመስታወት ውስጥ።

ፕሮፌሰር፦ ታዲያ ካየኸው ንገረኛ! አፍንጫው የማን ነው? ግንባሩስ?

መካኒኩ፦ አፍንጫው ላይ ጥቁር ነገር ነበረበት።

ፕሮፌሰር፦ (ደንግጦ) ምን ጥቁር ነገር?

መካኒኩ፦ እኔም ደንግጬ ነበር። ኋላ ሳጣራ የራሴ ጣት ነው። ጠጋ ብዬ ልየው ብዬ መስታወቱን ተደገፍኩት። ከዚያ ወዲያ ያየሁት አሻራዬን ብቻ ነው።

ፕሮፌሰር፦ አይ አንተ! አትጠርገውም ነበር?

መካኒኩ፦ ጠረግኩት እንጂ። በእጅጌዬ።

ፕሮፌሰር፦ እጅጌህ ከእጅህ ይብሳል እኮ!

መካኒኩ፦ አዎ። እሱንም አጣራሁ።

(ሁለቱ የቆሙት በመካኒኩ ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ማጠቢያ አጠገብ ነው። መካኒኩ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲጠየቅ ቶሎ የማይመልስ ሰው ነው። እጆቹ ከልጅነቱ ጀምሮ ሞተር ሲፈቱ ሲገጥሙ ግራሶ ጠጥተዋል፤ በናፍጣ ቢታጠቡ፣ በመጋዝ ብናኝ ቢታሹ፣ ያው ጥቁር ናቸው። ሌላው የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሱቁ ውስጥ ነጭ ጋውን የሚለብስ ጠጉር አስተካካይ። ሰፈሩ «ፕሮፌሰር» ይለዋል፤ የማያውቀውን ሁሉ ያስተምራልና። ተከራካሪ ገጥሞት አያውቅም፤ ምላጭ አንገቱ ላይ ያረፈ ደንበኛ ምን ብሎ ይከራከራል? ሚስትየዋ በቅርቡ ወልዳ ሆስፒታል ናት፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሕፃኑን ይዛ ትገባለች። ነርሷ «በዚህ እጅ ሕፃን አይያዝም» ብላ ስለመለሰችው አባትየው ልጁን ገና አላቀፈም። ሚስቱም ከአልጋዋ ሆና ቁርጡን ነግራዋለች፦ ቤቱ ይፅዳ፤ ልጁን ከእጄ የሚቀበለኝ ደግሞ እጁ የፀዳ ሰው ብቻ ነው።)

ፕሮፌሰር፦ እንግዲህ አትቀየመኝ፤ ልጁን የምቀበላት እኔ ነኝ። (እጆቹን እያገላበጠ) ተመልከት፣ ይህ እጅ ነው! ስንቱ ሰው ፊቱን አምኖ የሰጠው እጅ!

መካኒኩ፦ ከተቀበልካት በኋላ ለእኔ ትሰጠኛለህ?

ፕሮፌሰር፦ አሳይሃለሁ።

መካኒኩ፦ ከሩቅ?

ፕሮፌሰር፦ ከመካከለኛ ርቀት። መስታወት ስለሌለ ጥሩ አድርጎ ይታይሃል።

(መካኒኩ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። ፕሮፌሰር ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለው ነበር። ክፉ አይደለም፤ ይቀልዳል፤ የሚቀልደውም እውነቱን ነው።)

ፕሮፌሰር፦ በል ወደ ሥራ! ቤቱን በምን አፅዳ አለችህ?

መካኒኩ፦ በዚህች። (ከማጠቢያው ጠርዝ ላይ ግማሹ ያለቀ ግራጫ ሳሙና ያነሳል) ሰነፍ ሳሙና ናት ጋሼ። ካናቴራዬን ባጥብባት ቀዳደደችብኝ።

ፕሮፌሰር፦ ካናቴራ? በዚህ? ይህ እኮ የመፈግፈጊያ ሳሙና ነው! ሆዱ ውስጥ የተፈጨ ድንጋይ አለበት!

መካኒኩ፦ ማን ጨመረበት?

ፕሮፌሰር፦ ማንም አልጨመረበትም፤ ተፈጥሮው ነው! ማለቴ ፋብሪካው ነው። ድስት፣ መስኮት፣ በር፣ ቧንቧ፣ ምን ልበልህ፣ ይህ ሳሙና የማይገባበት ቦታ የለም። የሰው ልጅ ከዚህ ሳሙና በፊት እንዴት ይኖር እንደነበር ላስረዳህ?

መካኒኩ፦ ታክሲው እስኪመጣ ያልቃል?

ፕሮፌሰር፦ ዝም ብለህ ተመልከት። መጀመሪያ መስኮት። ጨርቁን ታረጥባለህ፣ ሳሙናው ላይ ታሸዋለህ፣ መስታወቱን እንዲህ ትቀባለህ። ምን አየህ?

መካኒኩ፦ ምንም።

ፕሮፌሰር፦ እንዴት ምንም?

መካኒኩ፦ ነጭ ሆነ። ቅድም በአሻራዬ መካከል እንኳ ጎረቤቱ ይታይ ነበር።

ፕሮፌሰር፦ ይደርቅና ይጠረጋላ! ሱቅ ሲታደስ መስታወቱን ነጭ ቀብተውት አላየህም? ይኸው ሳሙና ነው። አላፊ አግዳሚው ውስጡን እንዳያይ ነው።

መካኒኩ፦ ሳሙናው ታዲያ ለማሳየት ነው ለመደበቅ?

ፕሮፌሰር፦ ለሁለቱም! (በደረቅ ጨርቅ ይጠርገዋል፤ መስታወቱ የሌለ ይመስላል) እህስ?

መካኒኩ፦ (በጣቱ እየነካ) እውነትም! አሁን ጥርት ብሎ...

ፕሮፌሰር፦ አትንካ! ይኸው፣ እንደገና አጠቆርከው!

መካኒኩ፦ መስታወቱ መኖሩን ላረጋግጥ ብዬ ነው። አልገባኝም ጋሼ፣ እስቲ በዚያኛውም አሳየኝ።

(ፕሮፌሰር ያኛውንም ሠራ። ሦስተኛውንም ሠራ። መካኒኩ በየመስኮቱ አንገቱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ እጁን ይዘረጋል።)

ፕሮፌሰር፦ ኧረ እጅህን! ኧረ በፈጠረህ! አንተን ካላሰርኩ ይህ ቤት አይፀዳም። እንካ፣ ሳሙናውን ያዝልኝ። በሁለት እጅህ! ሌላ ምንም ነገር እንዳትነካ። ሳሙናውን ብቻ ያዝልኝ።

መካኒኩ፦ በዚህ ቤት ውስጥ ምንም?

ፕሮፌሰር፦ ምንም! ሳሙና ስፈልግ ጨርቁን ይዤ እመጣለሁ፤ እዚያው እጅህ ላይ አሸዋለሁ።

(እንዲህ ሆኖ ሥራው ተጀመረ። መካኒኩ እርጥቡን ሳሙና በሁለት መዳፉ መካከል ይዞ ከኋላ ከኋላ ይከተላል፤ ሰው ሲጨነቅ ባርኔጣውን እንደሚያሽከረክር ያሽከረክረዋል።)

ፕሮፌሰር፦ አሁን በሩን ተመልከት። የቤትህ ግድግዳ ኑሮህን ጽፎታል እኮ! ይኸው እዚህ ጋ ገባህ። መብራት አበራህ። እዚህ ግድግዳውን ተደግፈህ ጫማ አወለቅክ። ይህቺ ምንድን ናት?

መካኒኩ፦ እዚያ ጋ ቆሜ አሰብኩ።

ፕሮፌሰር፦ በእጅህ ነው የምታስበው?

መካኒኩ፦ ሚስቴ ምጥ ሲጀምራት ነው። ግድግዳውን ይዤ ነበር።

ፕሮፌሰር፦ (ዝቅ ባለ ድምፅ) እሺ። እሷን እኔ በእርጋታ አነሳታለሁ። (ይፈገፍጋል) ታያለህ፣ ቀለም ቀቢ እንኳ ያረጀ የዘይት ቀለም ላይ አዲስ ከመደረቡ በፊት በዚህ ሳሙና ይፈገፍገዋል። ለምን?

መካኒኩ፦ እንዲፀዳ።

ፕሮፌሰር፦ አይደለም፤ እንዲሻክር! አዲሱ ቀለም የሚይዘው እንዲያገኝ። ሸራ ጫማ ጎማው በዚህ ይነጣል። እኔ ራሴ የሱቄን የእብነ በረድ መደርደሪያ እድፍ የማስለቅቀው በዚህ ነው። የማተሚያ ቤት ሰዎች ደግሞ የእጃቸውን ቀለም...

መካኒኩ፦ የእጃቸውን?

ፕሮፌሰር፦ ቀለም ነው ያልኩህ፤ ግራሶ አላልኩም። ያንተ እኮ ቆዳህ ላይ አይደለም ያለው፤ አጥንትህ ጋ ደርሷል። እንዲያውም ልጁ እጁ ጠቁሮ ይወለዳል ብዬ ሰግቼ ነበር።

መካኒኩ፦ እኔም ነርሷን አስቀድሜ የጠየቅኳት እሱን ነው።

ፕሮፌሰር፦ ምን አለችህ?

መካኒኩ፦ ውጣ አለችኝ።

(መካኒኩ ወደ ባልዲው ሄዶ ሳሙናውን ውሃ ውስጥ ነከረው። እጆቹም አብረው ገቡ።)

ፕሮፌሰር፦ ምን እያደረግክ ነው?

መካኒኩ፦ ሳሙናውን እያጠብኩት ነው። ቆሸሸ።

ፕሮፌሰር፦ ሳሙና ይታጠባል እንዴ?

መካኒኩ፦ ጨርቅህ እያጠቆረው እኮ ነው። በቆሸሸ ሳሙና ቤት ይፀዳል?

ፕሮፌሰር፦ (ጥቂት አስቦ) እሱስ... አልተሳሳትክም። እጠበው። ደህና አድርገህ እጠበው።

መካኒኩ፦ እሺ ጋሼ። እንዳልክ።

(አጠበው። ውሃውን ደፍቶ ሌላ ቀዳ። የተደፋው ውሃ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይመስላል፤ ፕሮፌሰር ግን የግድግዳው እድፍ መስሎት በራሱ ሥራ ኮራ።)

ፕሮፌሰር፦ አየህ ምን ያህል ቆሻሻ እንዳወጣሁ?

መካኒኩ፦ አየሁ። ጉድ ነው።

ፕሮፌሰር፦ አሁን ድስት። (ታቹ ከሰል የመሰለ ድስት ያነሳል) ይህንን ማን አቃጠለው?

መካኒኩ፦ እሷ ከሄደች ወዲህ እኔ ነኝ የማበስለው።

ፕሮፌሰር፦ ውስጡ ያለው ምን ነበር?

መካኒኩ፦ ውሃ።

ፕሮፌሰር፦ (ድስቱን ገልብጦ እያየ) ስማኝ። ድስትን ከመፈግፈግ የሚሻል ዘዴ አለ። ምድጃ ላይ ከመውጣቱ በፊት ታቹን ሳሙና ትቀባዋለህ። ጥቀርሻው ሳሙናው ላይ ይቀመጣል እንጂ ብረቱን አይነካውም። ኋላ ውሃ ሲያገኘው ጠቅላላ ልቅቅ!

መካኒኩ፦ ሳይቆሽሽ በፊት ይቀባል?

ፕሮፌሰር፦ ሳይቆሽሽ በፊት!

መካኒኩ፦ (ቀስ ብሎ) እንግዲያው እኔም ጠዋት ሥራ ሳልገባ ሳሙናውን በጥፍሬ ብቧጥጠው፣ ጥፍሬ ስር ሳሙና ስለሚሞላ ግራሶው መግቢያ ያጣል ማለት ነው።

ፕሮፌሰር፦ (በሳቅ እየተንፈራፈረ) አንተ ድስት ነህ? ምድጃ ላይ ነው የምትውለው?

መካኒኩ፦ አይ። እንዲያው ነው ያልኩት።

(አለና ጥፍሮቹን ሳሙናው ውስጥ ተከለ።)

ፕሮፌሰር፦ ኧረ ሳሙናውን አትፈርፍረው!

መካኒኩ፦ ሙልጭ እያለ አስቸገረኝ ጋሼ። ውድቅ ካለ ደግሞ እንደገና መታጠብ አለበት።

(ፕሮፌሰር እጅጌውን ሰብስቦ ድስቱ ላይ ተደፋ። ፈገፈገ፣ አገላበጠ፣ እንትፍ አለበት። ጥቀርሻው ከድስቱ ተነስቶ ወደ ጣቶቹ፣ ከጣቶቹ ወደ ክንዱ ወጣ።)

መካኒኩ፦ ጋሼ፣ እጅህን ጥቀርሻ ነካህ።

ፕሮፌሰር፦ ምንም አይደል። ባለሙያ መጨረሻ ላይ ነው የሚታጠበው። መሃል ላይ የሚታጠብ ጀማሪ ነው። ያዝ ይህንን!

መካኒኩ፦ ዘርዝረህ ነግረኸኛል፤ ሳሙናውን ብቻ ነው የምይዘው።

(ስልክ ጮኸ። የፕሮፌሰር ስልክ ነው፤ ሁለት ጣቱን እንደ መቆንጠጫ አድርጎ ከኪሱ አወጣው። የእህቱ ድምፅ ተሰማ፦ «ወጥተናል፣ ታክሲ ውስጥ ነን። የልጁን ነጭ መጠቅለያ ከመሳቢያው አውጡልኝ፤ ይህ እርጥብ ነው።» ከኋላዋ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። መካኒኩ ስልኩን እንጂ ፕሮፌሰርን አላየም። የልጁን ድምፅ ያለ መስታወት ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።)

ፕሮፌሰር፦ ሰማህ? መጡ! መሳቢያው የቱ ነው?

መካኒኩ፦ ያኛው፣ ታችኛው። ግን ይነክሳል፤ ቶሎ አይወጣም። እሷ በዘዴ ነው የምትከፍተው።

ፕሮፌሰር፦ ዘዴውን እኔ አውቀዋለሁ። (ይስባል፤ መሳቢያው ጣት የሚያስገባ ያህል ወጥቶ ይቆማል) አናጢ ምን ያደርጋል? ሐዲዱን ሳሙና ይቀባዋል! አምጣ!

መካኒኩ፦ ይህንን ሳሙና?

ፕሮፌሰር፦ ሳሙና አይደለም እንዴ?

(ከመካኒኩ እጅ ላይ ቆርሶ ሐዲዱን በወዲያና በወዲህ አሸው፤ መሳቢያውን ወደ ውስጥ ገፋው። ግርርር የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ወዲያ መሳቢያው ወደ ፊትም ወደ ኋላም እምቢ አለ።)

መካኒኩ፦ ጋሼ።

ፕሮፌሰር፦ ቆይ!

መካኒኩ፦ ሆዱ ውስጥ የተፈጨ ድንጋይ አለበት ብለኸኝ አልነበረም?

ፕሮፌሰር፦ ብያለሁ።

መካኒኩ፦ ድንጋይ ያንሸራትታል?

ፕሮፌሰር፦ (ላቡን በእጁ እየጠረገ፤ ግንባሩ ላይ ጥቁር መስመር ተሰመረ) ችግሩ እንጨቱ ነው! የማይረባ እንጨት! አሁን ምን ይሻላል?

መካኒኩ፦ ግራሶ ነው የሚያላቅቀው። እዚያ በሩ ስር አንድ ቆርቆሮ አለ፤ ላምጣ...

(መካኒኩ ሄደ። ጎንበስ አለ። የቆርቆሮውን ክዳን ሊከፍት እጁን ዘረጋ፤ የዘረጋውን እጅ አየና ባለበት ቀረ። መዳፉ ላይ መስመሮች ነበሩ። መስመር እንዳለው ረስቶት ነበር። ጣቶቹ ቀይ ዳማ ሆነዋል፤ የጥፍሮቹ ጫፍ ነጭ ነው። የሌላ ሰው እጅ በስህተት የያዘ ይመስል ቀስ ብሎ ወደ ደረቱ ሰበሰበው። ክዳኑን በክርኑ ገፍቶ ከፈተና ተነሳ።)

ፕሮፌሰር፦ ምነው ቆምክ? ቅባዋ!

መካኒኩ፦ ጋሼ፣ ግራሶ እንዴት ነው የሚቀባው?

ፕሮፌሰር፦ ምን አልክ? መካኒክ አይደለህም እንዴ?

መካኒኩ፦ ለመኪና አውቃለሁ። ለመሳቢያ ግን አስተምሮኝ የሚያውቅ የለም። አልገባኝም።

(ፕሮፌሰር አመነታ። አንዴ ቆርቆሮውን፣ አንዴ በሩን አየ። ነገር ግን ሊማር የተዘጋጀ ሰው ፊቱ ቆሞ ሳለ ዝም ማለት ተፈጥሮው አይደለም።)

ፕሮፌሰር፦ ኤዲያ! ሁሉን ነገር እኔ ልንገርህ? ተመልከት! (ሁለት እጁን እስከ አንጓው ግራሶ ውስጥ ይዶላል) አብዝተህ ትዘግናለህ፣ በዚህኛው ስንጥቅ፣ በዚያኛውም፣ ወደ ውስጥ ድረስ! አሁን ስትስበው...

(መሳቢያው ዘሎ ወጣ፤ ፕሮፌሰር በጀርባው ወለሉ ላይ ተንጋለለ። መጠቅለያው በረዶ መስሎ ውስጥ ተቀምጧል።)

ፕሮፌሰር፦ ይኸው! አላልኩህም? (እጁን ወደ መጠቅለያው ሲሰድ)

መካኒኩ፦ እንዳትነካ!

(መካኒኩ ራሱ አነሳው። ትከሻው ላይ ጣል አደረገው፤ ነጩ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ደጅ ላይ የታክሲ ጥሩምባ ጮኸ።)

ፕሮፌሰር፦ (እጆቹን አይቶ) ሳሙና! ቶሎ ሳሙናውን ስጠኝ!

መካኒኩ፦ (መዳፎቹን ይከፍታል፤ መሃል ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታክል ነገር አለች) ይኸው።

ፕሮፌሰር፦ የት ሄደ?

መካኒኩ፦ ሥራ ላይ ዋለ።

(በሩ ተከፈተ። ሚስትየዋ ገባች፤ ክንዷ ላይ ሕፃኑ ቤቱን በለቅሶ ይሞላዋል። ደፉ ላይ ቆማ መስኮቶቹን፣ ግድግዳውን፣ የሚያበራውን ድስት አየች።)

ሚስት፦ ይህ የእኛ ቤት ነው? ማነው እንዲህ ያፀዳው?

መካኒኩ፦ ጋሼ ነው።

ፕሮፌሰር፦ እያስተማርኩት ነበር!

ሚስት፦ (ለባሏ) እጅህን አሳየኝ።

(ዘረጋላት። በአንድ እጇ ይዛ አገላበጠችው፤ ጥፍሮቹን አየች፤ መዳፉን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ቶሎም አልለቀቀችውም።)

ሚስት፦ ያንተስ ጋሼ?

ፕሮፌሰር፦ (እጆቹን ከኋላው ደብቆ) የእኔን ተይው። የእኔ የታወቀ ነው።

ሚስት፦ ግንባርህ ላይ ያለው ምንድን ነው? እጅህን አምጣ። ኧረ ጉዴ! አንተ ነህ እንዲህ? ባለ ነጭ ጋውኑ?

ፕሮፌሰር፦ መሳቢያው ነው እንዲህ ያደረገኝ! (ወደ መካኒኩ ዞሮ) ቆይ፣ ቆይ። አንተ ሰውዬ። ከመቼ ጀምሮ ነው የገባህ?

መካኒኩ፦ ሳሙናውን ያዝልኝ ካልከኝ ጊዜ ጀምሮ።

(ሚስትየዋ ሳቋን እየዋጠች ልጁን በነጩ መጠቅለያ ጠቀለለችና ባሏ ክንድ ላይ አስቀመጠችው። መካኒኩ ከባድ ሞተር አንስቶ የማያውቅ ይመስል ልጁን በሁለት እጁ አጥብቆ ደገፈው።)

ፕሮፌሰር፦ ለእኔስ አትሰጡኝም?

መካኒኩ፦ አሳይሃለሁ ጋሼ።

ፕሮፌሰር፦ ከሩቅ?

መካኒኩ፦ ከመካከለኛ ርቀት።

ፕሮፌሰር፦ (እጆቹን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ አንገቱን አስግጎ) ይሁን። ከአሁን በኋላ መስታወት የለ፣ አሻራ የለ። ንገረኛ፤ ማንን ይመስላል?

መካኒኩ፦ (ልጁን ለረጅም ጊዜ አየው) አንተን።

ፕሮፌሰር፦ (ፊቱ በርቶ) አላልኩም! እናንተ ስትክዱ እኔ ታውቆኝ ነበር! ምኑ ነው? አፍንጫው ነው? ግንባሩ?

መካኒኩ፦ አፉ። ከገባ ጀምሮ አልተዘጋም።

(ፕሮፌሰር መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፤ እህቱ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችና ዘጋው። መካኒኩ ሳሙና ሳሙና በሚሸተው መዳፉ የልጁን ጀርባ መታ መታ ሲያደርግ ለቅሶው ወደ ሲቃ፣ ሲቃው ወደ ትንፋሽ ወረደ። ሕፃኑ ያባቱን አውራ ጣት ጨብጦ በመጨረሻ እንቅልፍ ሲወስደው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር።)